ጮቄ ላይ የሠራ፣ ዓባይ በረሃ ላይ እምቢ ያለ ኢሜይል

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ ምሥራቅ ጎጃም ላይ ነው። ባለጉዳይዋ ውጭ አገር የአፈር ሳይንስ የምታጠና የዶክትሬት ተማሪ ናት። ለመስክ ሥራ ተመልሳ ከጮቄ ተራራ ጀምራ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ የአፈር ናሙና ትሰበስብ ነበር። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሥራ እሠራለሁ። የእናቷ ጎረቤት ነኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ "ጋሼ" ነው የምትለኝ። የምጽፈው አስፈቅጄያት ነው። "ስሜ ግን ይቅር" ብላለች።

ችግሯ ሲሰሙት ቀላል ነው። መስክ ላይ ሆና የሁለት ሰዎችን ኢሜይል ማንበብና መመለስ አለባት። አንዱ አማካሪዋ ፕሮፌሰር ነው። ሌላዋ ናሙናው የሚመረመርበትን ላቦራቶሪ ተራ የምትይዝ ሠራተኛ ናት። ላቦራቶሪው ተራ የሚሰጠው በቀን ቆርጦ ነው። በተባለው ቀን "እመጣለሁ" ብሎ ያላረጋገጠ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጥበታል፤ ሌላ ተራ ለማግኘት ደግሞ ወራት መጠበቅ አለ። የቀረው ደብዳቤ ሁሉ ቢቆይ የሚጎዳ ሰው የለም።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሳተላይት ስልክ ነበር። ኢሪዲየም የሚባለው መረብ 66 ሳተላይቶች አሉት። ምድርን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሸፍናል። ለእሱ ጮቄም ዓባይ በረሃም አንድ ነው። እኛ አገር ግን የሳተላይት ስልክ ይዞ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋጋውም ለተማሪ ኪስ የሚሆን አይደለም። ተውነው። የቀረን ሞባይል ነው። ያኔ ደግሞ ኦፕሬተሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው።

ኢሜይል ራሱ ታጋሽ ነው

"ኔትወርክ በደንብ የማይስብበት አገር ኢሜይል አይታሰብም" የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። መቆራረጥን ከሚችሉት ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ኢሜይል ነው። ደብዳቤ ከሰርቨር (ተቀብሎ ከሚያስቀምጠውና ከሚያስተላልፈው ኮምፒውተር) ወደ ሰርቨር የሚሄድበት ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ የሚባለው፣ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ኮምፒውተሮች እንደ ዛሬው ሌት ተቀን አይገናኙም ነበር። ስለዚህ ላኪው ሰርቨር ተቀባዩን ካጣው ደብዳቤውን ይዞ ይቆያል፤ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞክር ደንቡ ይመክራል። ለእሷ የመጣው ደብዳቤም ስልኳ ቢጠፋ፣ ባትሪዋ ቢያልቅ፣ ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። የቪዲዮ ጥሪ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም።

የከበደው እኛ በላዩ የጫንበት ነው። በብሮውዘር ሲከፈት ገጹ ራሱ ከደብዳቤው ብዙ እጥፍ ይከብዳል። በዚያ ላይ አባሪው አለ፣ የማስታወቂያው መዓት አለ፣ የመግቢያ ኮዱ አለ።

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አንድ ሺህ ፊደል ያለው የአማርኛ ደብዳቤ 3 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳልና። በስልክ የተነሳ ፎቶ ደግሞ በቀላሉ 5 ሜጋባይት ይሆናል። አባሪ ተደርጎ ሲላክ ወደ ጽሑፍ መልክ ስለሚቀየር በአንድ ሦስተኛ ያብጣል። ስልኩ ጫፍ ላይ "ኢ" ብላ የምትታየው ዘገምተኛ የዳታ መስመር፣ ኤጅ፣ በሴኮንድ 100 ኪሎቢት (8 ቢት አንድ ባይት ነው) ከሰጠች ጮቄ ላይ ጎበዝ ናት። በዚያ ፍጥነት አንዷ ፎቶ 9 ደቂቃ ያህል ትፈጃለች። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት አይቀጥልም፤ እንደገና ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው። ደብዳቤው ብቻውን ቢሆን ሴኮንድ ሳይሞላ ሄዷል።

ከመነሳቷ በፊት

ሱቄ ቁጭ ብለን አዲስ የጂሜይል አድራሻ ከፈትን። ለመስክ ብቻ ነው። አድራሻውን የሚያውቁት አማካሪው፣ የላቦራቶሪዋ ሠራተኛና እኔ ነን። የዩኒቨርሲቲው አድራሻዋ ላይ ግን "መስክ ላይ ነኝ፣ እስከ መጋቢት አልመልስም" የሚል መልስ በራሱ እንዲሄድ አደረግን። ይህ ብቻውን ሸክሙን ግማሽ አቀለለው። ማስታወቂያ የለም፣ የስብሰባ ጥሪ የለም፣ "ለሁላችሁም" የሚል የለም።

ስልኳ ላይ የደብዳቤ መተግበሪያውን "ስጠይቅህ ብቻ አምጣ" በሚለው አስተካከልነው፤ አባሪ በራሱ እንዳያወርድም አደረግን። ላፕቶፗ ላይ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጫንን። ማታ ያለ ኔትወርክ ትጽፋለች፤ የጻፈችው መውጫ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጠዋት ኔትወርክ ሲገኝ ይሄዳል። ከዚያ የጀርባ ሌቦቹን ዘጋን። የፎቶ ማስቀመጫው፣ የመተግበሪያ ማደሻው፣ ቴሌግራም በራሱ የሚያወርደው ቪዲዮ። ዳታ ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚሻሙት እነዚህ ናቸው። ፓኬጁም አለቀ፣ ቀጭኑ መስመርም ታነቀ ማለት ነው። ብዙ ሰው "ኔትወርኩ አይሠራም" የሚለው አንዳንዴ ይኼን ነው።

ሦስተኛው ነገር ቅብብል ነው። ከሁለቱ ሰዎች የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ቅጂው በራሱ ወደ እኔ እንዲዞር አደረግን፤ ይህንንም ለሁለቱም ነገረቻቸው። እኔ አነብና ፍሬ ነገሩን በኤስኤምኤስ እልክላታለሁ። ዳታ በማይሠራበት ቦታ እንኳ ኤስኤምኤስ ሾልኮ ይገባል። አንዷ መልእክት በግዕዝ ፊደል ከተጻፈች የምትይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን ከሆነ 160። እኔ አማርኛን በላቲን መጻፍ አልወድም። ዓይኔን ያመኛል። ለዚህ ሥራ ግን ተሸነፍኩ።

የመጨረሻው ወረቀት ነው። ጂሜይል በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም በይለፍ ቃልና በተጨማሪ ኮድ፣ ለሚገባ ሰው 10 ተጠባባቂ ኮዶች ይሰጣል። እያንዳንዳቸው ባለ 8 አኃዝ ናቸው፤ አንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። በእጇ ገልብጣ የመስክ ማስታወሻዋ ሽፋን ውስጥ እንድትከታቸው ነገርኳት።

"ጋሼ፣ ስልኬ እጄ ላይ ሆኖ ይኼ ምን ያደርግልኛል?"

"ዝም ብለሽ ጻፊ" አልኳት። ጻፈች።

ጮቄ

ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል ነው የወጡት። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ገብሱና ድንቹ እያነሰ ይሄድና ጓሳው ይጀምራል፣ ጅባራው ብቅ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ኔትወርክ ጭራሽ የሌለ ይመስላችኋል። የለም ማለት ግን አይደለም። የሞባይል ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ፊት ለፊቱ ያልተጋረደውን ያያል። ከጫፍ ላይ ሆኖ ሩቅ ከተማ ያለ ታወር ይታያል። የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ፣ ቱጂ የምንለው፣ በተለመደው አሠራሩ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ችግሩ ሸለቆው ውስጥ ነው። ሰው የሚያድረው ደግሞ ነፋስ ሽሽት እዚያው ሸለቆው ውስጥ ነው።

የትኛው ቦታ እንደሚስብ ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለጋትም። ያሳደሯት እናት በመጀመሪያው ምሽት ነገሯት። "ልጄ፣ እዚህ ቤት ውስጥ አትድከሚ። ያቺ ከበረቱ በላይ ያለችው ድንጋይ ትታይሻለች? እሷ ላይ ውጪ። የኔ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲደውል እዚያ ነው የማገኘው። ግን ፊትሽን ወደ ማርቆስ አዙሪ።" ፊቷን ወደ ማርቆስ አዞረች። ሳበ። ሰውነታችን ሞገድ ይጋርዳል፤ ስልኩንና ታወሩን በጀርባ መለየት በደካማ ቦታ ለውጥ ያመጣል። እማማ ይህንን ከመጽሐፍ አላገኙትም።

ድንጋዩ ላይ ስልኩ ከስሪጂ ወደ ቱጂ፣ ከቱጂ ወደ ስሪጂ ይዘል ነበር። በዘለለ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል። ደውላ ነገረችኝ፤ "ቱጂ ብቻ በሚለው ላይ ቆልፊው" አልኳት። ዘገምተኛ ግን የማይዘል መስመር ተገኘ። ለጽሑፍ ይበቃል። ሌላው ሰዓቱ ነው። ማታ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲያነሳ ታወሩ ይጨናነቃል፤ ጎህ ሲቀድ ግን መስመሩ ባዶ ነው። ስለዚህ ማታ ጽፋ ጠዋት ከናሙናው በፊት ትልካለች።

ባትሪው ሌላ ጣጣ ነው። ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ኃይሉን ጨምሮ ይፈልጋል። ሸለቆ ውስጥ የዋለ ስልክ ማንም ሳይነካው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከድንጋዩ ስትወርድ ወደ አውሮፕላን ሞድ ትመልሰዋለች። የጮቄ ብርድ ደግሞ ሊቲየም ባትሪን ያደክማል። ስልኩና ፓወር ባንኩ ሌሊቱን ከጋቢው ሥር ከእሷ ጋር ነበር የሚያድሩት።

እንግዲህ ጮቄ ላይ ሁሉም ሠራ። አማካሪው አንድ ቀን 18 ሜጋባይት የሚሆን ፒዲኤፍ ላከ። መተግበሪያው አላወረደውም፤ ስሙንና ክብደቱን ብቻ አሳያት። "የቀየርከውን አንቀጽ ገልብጠህ እንደ ደብዳቤ ላክልኝ" ብላ መለሰች። ላከ። አራት መስመር ነበር።

ዓባይ በረሃ

ሁለተኛው የናሙና ቦታ ከደጀን በታች ነው። ከደጀን ከተማ እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ካሉ በኋላ በእግርና በበቅሎ ነው የሚወረደው። ደጋው ጫፍ ላይ ያለው ታወር ሸለቆውን ከላይ ያልፈዋል፤ ከገደሉ ሥር ያለ ሰው ጥላ ውስጥ ነው። ጮቄ ላይ ከፍታው ረድቷት ነበር። እዚህ የተገላቢጦሽ ሆነ። ላፕቶፗን ለበቅሎው አዝና ደጀን ሆቴል ተወችው።

ቁልቁለቱ ላይ ስልኳ ወድቆ ተሰበረ። ስክሪኑ እንዳልነበር ሆነ፤ ሲሙ ግን ደህና ነው። አብሯት የወረደው የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ሰዉ "ዲኤው" የሚለው፣ ደግ ልጅ ነው። ሲሟን የእሱ ስልክ ውስጥ ከተተችው። ስልኩ እንደተከፈተ ቀደም ብዬ የላክሁት ኤስኤምኤስ ገባ። ላቦራቶሪው እስከ ሰኞ ተራውን እንድታረጋግጥና የተፈረመ ቅጽ እንድትልክ ይጠይቃል። ቀኑ ዓርብ የካቲት 11 ነው።

እኔ በእሷ ፋንታ ልመልስ አልችልም። የሚደርሰኝ ቅጂ ነው። ላቦራቶሪውም ከእሷ አድራሻ ያልመጣ ማረጋገጫ አይቀበልም።

ዲኤው ወደሚስብበት ጉብታ ወሰዳት። ዳታው ይሠራል። የዲኤው ቴሌግራም ግልጥ አድርጎ ይከፍታል፣ መልእክት ይገባል ይወጣል። ኢሜይሉ ግን እምቢ አለ። መተግበሪያው "ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም" ይላል። ብሮውዘሩም ቀይ ምልክት ያሳያል እንጂ ገጹን አይከፍትም። አጥፍታ አበራች፣ ቦታ ቀየረች፣ ፓኬጅ ጨመረች። ወደ አመሻሹ ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ ቴሌግራም እየሠራ ኢሜይል እንዴት እምቢ ይላል? ጂሜይልን ዘግተውታል እንዴ?"

ከደብረ ማርቆስ ጂሜይል ከፈትኩ። ይሠራል። ቀዩ ምልክት ግን ጥርጣሬ ጫረብኝ።

"ስልኩ ላይ ቀኑ ስንት ይላል?"

ዝም አለች። ከዚያ ስታነብ ሰማኋት። "ጁን 11፣ 2014።"

ነገሩ ተገለጠ። ዲኤው ሪፖርቱን ሁሉ የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ስልኩን እንደሚመቸው ሞልቶታል፤ ወሩ ስድስተኛ ነው፣ ቀኑ 11፣ ዓመቱ 2014። ስልኩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ስድስተኛውን ወር ጁን አለው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ላይ 10 ይላል። ገጠር ብቻ አይደለም፤ ከተማም እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ሞልቷል። ለሰውየው ምንም አይጎድለውም።

ለኢሜይል ግን ይጎድለዋል። ስልክና ሰርቨር በሚስጥር ከመነጋገራቸው በፊት ሰርቨሩ መታወቂያውን ያሳያል፤ ሰርተፍኬት ይባላል። መታወቂያው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል ተጽፎበታል። በዚያን ጊዜው ደንብ ዕድሜው ከ398 ቀን መብለጥ አልነበረበትም። 2014 እ.ኤ.አ. ላይ ነኝ ብሎ የሚያስብ ስልክ በ2022 እ.ኤ.አ. የሚሠራ መታወቂያ ሲያይ "ይኼ ገና አልተወለደም" ብሎ በሩን ይዘጋል። ልክ ነው፤ ሥራው ነው። ክሮም እንዲህ ሲሆን ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረቱን ይጽፋል፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያነበው የለም እንጂ። ዋትስአፕም የስልኩ ቀን ልክ አይደለም ይላል። ቴሌግራም ግን የራሱ አነጋገር ስላለው ሰዓቱን ከሰርቨሩ ጋር አስተካክሎ ያልፋል። ዲኤው የሚጠቀመው ቴሌግራም ስለሆነ ስልኩ ታሞ አያውቅም።

ይህን በሽታ ሱቄ ውስጥ ደጋግሜ አየዋለሁ። "ኢንተርኔቱ አይከፍትም" ተብሎ የሚመጣ ስልክ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። የሚያበሳጨው ሌላም አለ። አንዳንድ አሮጌ መተግበሪያ ማስጠንቀቂያውን "እሺ" ካሉት ያልፋል። ያኔ ደብዳቤው የስምንት ዓመት አሮጌ ቀን ለብሶ ይሄዳል። ተቀባዩ ደብዳቤውን በተጻፈበት ቀን የሚደረድር ከሆነ ከታች ተቀብሮ ይቀራል። ላኪው ልኬያለሁ ይላል፤ ተቀባዩ አልደረሰኝም ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

"ቀንና ሰዓት የሚለው ውስጥ ገብተሽ አውቶማቲክ አድርጊው" አልኳት። ስልኩ ሰዓቱን ከኔትወርኩ ወሰደ። ኢሜይሉ ተከፈተ። የይለፍ ቃሏን አስገባች። አሁን ደግሞ ኮድ ጠየቀ።

ኮዱ በኤስኤምኤስ ወደ ሲሟ ይላካል። ሲሙ እዚያው ስልክ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ቀላል መሆን ነበረበት። አልመጣም። ደግማ ጠየቀች። አልመጣም። ሦስተኛውን ስትጠይቅ ሦስቱም ተደራርበው ገቡ። የቱ የመጨረሻው እንደሆነ አልለይ አለ፤ የሞከረችውም አልሠራም። ፀሐይዋ ደግሞ ጎሃ ጽዮን በኩል ያለውን ገደል አቅልታ እየጠለቀች ነው። ያኔ ማስታወሻዋን አወጣች። በእጇ ከጻፈቻቸው ኮዶች አንዱን አስገባች። ተከፈተ።

የላቦራቶሪው ደብዳቤ ከነቅጹ አለ። ቅጹ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ስካን ተደርጎ የሚመለስ ነው። በረሃ ውስጥ ፕሪንተር ከየት ይመጣል? ሦስት መስመር ጻፈች። ተራውን አረጋግጣለሁ፤ ያለሁት ሕትመት በሌለበት ቦታ ነው፤ የተፈረመውን በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ። ላከች። አንዲት ሴኮንድ እንኳ የፈጀ አይመስለኝም። በማግስቱ መልሱ ቅጂ ሆኖ ደረሰኝ፤ ተራው ተይዞላታል፣ ቅጹ ሊቆይ ይችላል። እኔም በ160 ፊደል ልኬ አሳወቅኋት።

ከጉብታው ከመውረዷ በፊት አድራሻዋን ከዲኤው ስልክ አስወጣች። ዲኤው በበኩሉ ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ነበረበት ወደ ሐበሻው መለሰው። "እናንተ ሄዳችሁ እኔ ሪፖርት ሳሳስት ልኑር?" አለ አሉ። ፍርዱ ትክክል ነው። ሲጠቀምበት የሚኖረው እሱ ነው። የሐበሻ ቀን የሚያሳይ መተግበሪያ እንዳለ ነግራው፣ ደጀን ሲወጣ ጫነችለት።

ከዚያ በኋላ

ቅጹን ደብረ ማርቆስ ሱቄ ውስጥ ፈረመች። ስካን ያደረግነው በጥቁርና ነጭ፣ በ150 ዲፒአይ ጥራት ነው። ክብደቱ ከአንድ ሜጋባይት በታች ሆነ። በቀለም ብናደርገው ብዙ እጥፍ ይሆን ነበር፤ ለፊርማ ቀለም ምን ያደርጋል?

ለሚቀጥለው ዙር ሁለት ነገር ቀየርን። ኮዱ ከኤስኤምኤስ ይልቅ ያለ ኔትወርክ ኮድ በሚያመነጭ መተግበሪያ ሆነ፤ ስልኳ ላይም ላፕቶፗ ላይም። ይህ መተግበሪያ በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ቁጥር ያወጣል፣ የሚያወጣውም ከሰዓቱ ነው። ሰዓቱ ከተሳሳተ ቁጥሩም አይሠራም። ስለዚህ ወረቀቱ አልተጣለም። ሁለተኛ፣ ትርፍ ርካሽ ስልክ ያዘች፤ የመስክ አድራሻዋ ቀድሞ የተከፈተበት፣ ሰዓቱ የተስተካከለ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀጭንም ቢሆን መስመር ሲኖር ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቱጂ መቆለፍም፣ ድንጋይ ላይ መውጣትም ዋጋ አልነበረውም። ከዘዴዎቻችን ሊረዳ የሚችለው ቅብብሉ ነው፤ እሱም አንባቢው ከክልሉ ውጭ ከሆነ። ስለዚህ አሁን መስክ ለሚወጣ ሰው ቅጂውን የሚቀበለው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ እንዲሆን እመክራለሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ አልበቃም።

ፕሮፌሰሩ አሁንም ከባድ ፒዲኤፍ ይልካል። እሷም አሁንም "ገልብጠህ በጽሑፍ ላክልኝ" ትለዋለች። ይልካል።